የአንድ ወዳጄ ዓይን

ጋሼ ወልደጻድቅ ዓይናቸውን ሊያጡ ጥቂት የቀራቸው ምክር መጠየቅ አቅቷቸው ነው ብል ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የሚያምነኝ አላገኝም። ሰውየው እኮ ምክር እንዴት እንደሚጠየቅ ሲያስተምሩ ነው ጸጉራቸው የሸበተው፤ ለዚያውም በእንግሊዝኛ። የመማሪያ መጽሐፉ በአንዲት ገጽ የሚያልፈውን ነገር እሳቸው ወር ሙሉ ይዘውት ይቆያሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢቆጡም አይሰሙም። ዛሬ ጡረታ ወጥተው በቀኝ ዓይናቸው ጋዜጣ ያነባሉ። የግራው አልተረፈም።

እኔ ሔዋን እባላለሁ፤ በከተማችን ሆስፒታል ነርስ ነኝ። ጋሼ አስተማሪዬ ነበሩ፣ በኋላም ነገሩ የሆነው እኔ በቆምኩበት ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ ከሰማችሁ አትመኑ፤ የሚዛን ሰው ሲያወራ ይጨምራል።

ጋሼ ከጎጃም ተመድበው የመጡት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። እንደ ሌላው መምህር መንገዱ ራቀኝ፣ ዝናቡ ሰለቸኝ ብለው ዝውውር አልጠየቁም። እዚህ ያስቀራቸው የሰዉ አነጋገር ነው ይላሉ። አንዱ ቤንችኛ፣ አንዱ ሸኮኛ፣ አንዱ ከፊኛ እየተናገረ ያድግና ገበያ ላይ ሲገናኝ ሁሉም በየራሱ ቃና አማርኛ ያወራል። ጋሼ ገበያ የሚወጡት ዕቃ ሊገዙ ሳይሆን ሰው ሰውን እንዴት እንደሚጠይቅ ለመስማት ነበር። ባለቤታቸው ማናልሞሽ ሽንኩርት አምጣ ብላ ልካቸው ባዶ እጃቸውን እየተመለሱ፣ ግን አንዲት ሴትዮ ያለችውን ነገር እየደጋገሙ ይገቡ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ፈረንጅ ካዩማ ጉድ ነው። ወደ ቴፒ የቡና እርሻ ወይም ወደ ማሻ ጫካ የሚያልፍ እንግዳ ምሳ ሊበላ ሚዛን ሲቆም ጋሼ ኮታቸውን አስተካክለው ይቀርባሉ። ከየት መጣህ፣ ምን ትሠራለህ የለም። «በእናንተ አገር ልጅ አባቱን ምክር ሲጠይቅ ምን ብሎ ይጀምራል?» ነው የሚሉት። እንግዳው ሹካውን አስቀምጦ ያስባል፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ።

ክፍል ውስጥ ደግሞ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ «ጊቭ ሚ አን አድቫይስ»፣ አንድ ምክር ስጠኝ፣ ብለው ይጽፉና በላዩ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ያደርጉበታል። አንደኛ፣ ይሄ ትእዛዝ ነው፤ ምክር ደግሞ በትእዛዝ አይገኝም። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ አንድ ምክር ሁለት ምክር ብሎ አይቆጥርም፤ እንደ ውሃና እንደ ዱቄት ነው የሚያየው። ሲሞን የሚባል የክፍላችን ልጅ ለምን እንደማይቆጠር ጠየቃቸው። ጋሼ ጥቂት አሰቡና ምናልባት የእንግሊዞቹ አገር ዝናብ ስለሚበዛበት ይሆናል አሉ። ሲሞን ታዲያ ሚዛን ከዚያ የባሰ እየዘነበ እኛ ለምን እንቆጥራለን አላቸው። ሌላ መምህር ቢሆን አፍህን ዝጋ ይለው ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ፤ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው መስኮቱ ጋ ሄደው ዝናቡን ሲያዩ ቆዩ። በሚቀጥለውም ሳምንት የሲሞን ጥያቄ ከአእምሯቸው አልወጣም ነበር።

ትክክለኛውን ሲጽፉ እጃቸው ቀስ ይላል። «ኤክስኪዩዝ ሚ። ሜይ አይ አስክ ዩር አድቫይስ?» ይቅርታ፣ ምክርዎን ልጠይቅ ይፈቀድልኛል ማለት ነው። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን «ዋት ውድ ዩ ዱ ኢፍ ዩ ወር ሚ?» የሚለውን ነበር፤ እርስዎ እኔን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር እንደማለት። ሲያስረዱን፣ ይህን ስትሉት ሰውየውን ከወንበሩ አስነስታችሁ በእናንተ ቦታ ታስቀምጡታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ባዳ ሊመልስላችሁ አይችልም ይሉን ነበር።

ከዚያ የቤት ሥራ መጣ። ታማችኋል እንበል፣ አንድ የውጭ አገር ሐኪም አጋጠማችሁ፣ በእንግሊዝኛ ምክር ጠይቁት ተባልን። ጋሼ ወረቀታችንን ሰብስበው ሲያነቡ ከክፍሉ ውስጥ አንድ እንኳ የታመመ ሰው አጡ። አንዱ ወዳጄን ሆዱን አሞታል ይላል፤ ሌላዋ የጎረቤቴ ልጅ እንቅልፍ አጥታለች ትላለች፤ ሲሞን አንድ የማውቀው ሰው ጥርሱን ያመዋል ብሎ ጽፏል። የሲሞን ጉንጭ በዚያ ሳምንት እንደ ድንች አብጦ ነበር።

የኛ ሰው እንዲህ ነው። ሕመምም ሆነ የትዳር ጣጣ፣ የቡናው መድረቅም ቢሆን፣ የራሴ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጥቶ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ መንገዱ ያወራል፣ ሊነሳ ሲል «አንድ ወዳጄ እንዲህ ሆኖ፣ ምን ይሻለው ይሆን?» ይላል። ተጠያቂውም ደንቡን ያውቃል። ወዳጅህ ማነው አይልም፤ ትክ ብሎም አያየውም። እንዲህ አድርግ በለው ይልና ሲሸኘው እግዜር ይማርህ በልልኝ ብሎ ይጨምራል። ምክሩ ባለቤቱ ጋ ደረሰ፣ ማንም አላፈረም። እኔ ራሴ ዛሬም አንድ ሰው ክፍሌ ገብቶ አንድ ወዳጄ ብሎ ሲጀምር እጄን ታጥቤ እሱኑ መመርመር እጀምራለሁ።

ጋሼ ይህን ነገር በገበያ ሲሰሙት ይወዱታል፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን አልተዋጠላቸውም። ፈረንጅ የነገሩትን ነው የሚያምነው አሉን። ወዳጄ ካላችሁት ወዳጃችሁን አምጡ ይላችኋል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ምክር የሚጠይቅ ሰው ራሱን ይዞ ይቀርባል። የሁላችንንም ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ አስተካክለው መለሱልን። ሲሞንን ደግሞ ራሳቸው ይዘውት ጥርሱን ሊያስነቅሉለት ሄዱ።

የጋሼ እውነተኛ ወዳጅ ከድር ነበር። ከድር ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ገበያው ዳር ገጀራ፣ ገመድ፣ ፋኖስና የእጅ ባትሪ ይሸጣል። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ስለነበር ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንተ እያልኩት ነው ያደግሁት፤ አሁን ሸምግሎም አንቱ ልበለው ብል አፌ አይታዘዝልኝም። ጋሼ ሚዛን የደረሱ ሰሞን ዝናብ ሲያሯሩጣቸው ተጠልለው የቆሙት እሱ ሱቅ ውስጥ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ የተጀመረ ጨዋታ ዛሬም አላለቀም።

ከድር እንግሊዝኛ አያውቅም። የሚያውቃት አንዲት ነገር ያቺን ጋሼ ሰሌዳ ላይ ቀስ ብለው የሚጽፏትን ነው፤ «ኤክስኪዩዝ ሚ። ሜይ አይ አስክ ዩር አድቫይስ?» ጋሼ አፉን እስኪያስተካክል ድረስ ደጋግመው አስተምረውታል። እሱ ግን ለንግድ አዋላት። ፈረንጅ በሱቁ በር ሲያልፍ በሁለት እጁ ሁለት ባትሪ ይዞ ይወጣና ምክር ይጠይቃል። ፈረንጁ ይገረማል፣ ይቆማል፣ ሁለቱንም ባትሪ አብርቶ ያያል፣ ይሄኛው ይሻላል ይላል፣ ከዚያ የተሻለውን ገዝቶ ይሄዳል። ጋሼ ይህን ሲያዩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። ምክር የጠየቁት ሰው ሳይገዛ አይወጣም ይላል ከድር።

ነርስ ሆኜ ወደ ሚዛን ከተመለስኩ በኋላ አንድ ነገር ታዘብኩ። ሁለቱ ወዳጆች ወደ ማታ ሱቁ ሲዘጋ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤት ይወጣሉ። ይሄ ምንም አዲስ ነገር የለውም፤ ወንዶቻችን ሲዋደዱ እንደዚያ ነው የሚሄዱት። የገረመኝ ከድር ምንጊዜም በጋሼ ግራ በኩል መሆኑ ነው። በቀኝ ሄዶ አያውቅም። ሰው መጥቶ በዚያ በኩል ከቆመ ከድር ዞሮ፣ ተሽሎክሉኮ ቦታውን ያስለቅቃል። አንድ ቀን እኔም በዚያ በኩል ሆኜ ጋሼን ሰላም ስላቸው በትከሻው ገፋ አድርጎ አስለቀቀኝ። ቦታውን ተከራይተኸዋል እንዴ ብዬ ተረብኩት። ሳቅ ብሎ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞረው። ከድር ደግሞ ለተረብ መልስ የሚያጣ ሰው አይደለም።

ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። ታናሽ እህቴ ህሊና በዚያ ዓመት የጋሼ ተማሪ ነበረችና ስጠይቃት፣ በጋሼ ግራ በኩል የሚቀመጡ ልጆች እጃቸውን ቢያወጡ አይጠሯቸውም አለችኝ። ሰነፎቹ ሁሉ ወደዚያ ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ እሷም ጭምር። አኮረፉ እንዳልል ጋሼ የሚያኮርፉ ሰው አይደሉም። ምን ሆነው ይሆን እያልኩ ሳስብ ከረምኩ።

በ1999 ዓ.ም. ከውጭ አገር የዓይን ሐኪሞች ቡድን መጣ። ለአንድ ሳምንት የዓይን ሞራ ሊገፍፉ ነው፤ ሰዉም ከሸኮ፣ ከቴፒ፣ ከየቀበሌው በዱላ እየተመራ የሆስፒታሉን ግቢ ሞላው። የቡድኑ መሪ ዶክተር ሩት የምትባል ረጅም ሽበታም እንግሊዛዊት ነበረች። አስተርጓሚ ያስፈልጋል ሲባል ከጋሼ ሌላ ማንም አልታሰበም። ከትምህርት ቤት አስፈቅደን አመጣናቸው።

ጋሼን እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ሻይ ላይ ዶክተሯን የተለመደውን ጥያቄ ጠየቋት፤ በአገርሽ ሰው ሐኪም ሲያማክር ምን ብሎ ይጀምራል? እሷም የኔ አገር ሰዎችማ ጭራሽ አይጠይቁም፣ እየፈሩ ይቆዩና ነገሩ ካለፈ በኋላ ይመጣሉ አለቻቸው። ጋሼ ይህን ሰምተው ሻያቸውን ጠጡ።

ሲያስተረጉሙ አንድ ያስተዋልኩት ነገር ነበር። ወለተሥላሴ የሚባሉ አሮጊት ዶክተሯ ፊት ተቀምጠው እንኳ ጎረቤቴ ዓይኗ ያለቅሳል አሉ። ጋሼ ሳያመነቱ በእንግሊዝኛ ዓይኔ ያለቅሳል ትላለች ብለው ተረጎሙ። ወዳጄ ያለውን ሁሉ እኔ እያደረጉ ነው የሚያሳልፉት። በዚህ ምክንያት ዶክተሯ የኛን ሰው አጠያየቅ ሳታውቀው ቀረች፤ ሁሉም እንደሷ አገር ሰው ራሱን ችሎ የሚናገር መሰላት።

በሳምንቱ አጋማሽ ኢሳይያስ የሚባል የሸኮ ቡና ገበሬ ቀረበ። ዶክተሯ በመሣሪያዋ አየችውና ፊቷ ጠቆረ። የዓይን ግፊት ነው፣ ግላኮማ ይባላል አለች። አያምም፣ አያሳክክም፤ ከጎን ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ መሃል ይገባል። የሄደው አይመለስም፤ በጊዜ የመጣ ሰው ግን የቀረውን ማትረፍ ይችላል። ኢሳይያስ በጊዜ አልመጣም። ይህን ሁሉ መናገር የነበረባቸው ጋሼ ናቸው። ሁለት ጊዜ ድገሚልኝ አሏት፤ የእንግሊዝኛ ቃል ጠፍቷቸው ሲያስደግሙ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ለገበሬው በአማርኛ ቀስ ብለው ሲነግሩት ድምፃቸው ተሰበረ። ለገበሬው አዝነው ነው ብዬ እኔም አብሬ አዘንኩ።

ቡድኑ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዶክተሯ እጇን እየታጠበች እኔ ፋሻ እያጠፍኩ ሳለ ጋሼ በሩ ላይ ቆሙ። ኮታቸውን ቆልፈዋል። በሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉት ቀስ ብለው፣ ጥርት አድርገው፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዶክተር። ሜይ አይ አስክ ዩር አድቫይስ?» አሉ። ዶክተሯ በደስታ ዞረች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠሉ፤ አንድ ወዳጅ አለኝ አሉ።

ፋሻው ከእጄ ወደቀ። ሰነፎቹ ለምን በግራ በኩል እንደተሰበሰቡ፣ ከድር ለምን እንደገፋኝ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። ሁላችንን በቀይ እስክሪብቶ ሲያርሙ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው። ጨንቋቸው ሲመጣ እሳቸውም እንደ ሲሞን አደረጉ።

ዶክተሯ ግን ምን ታውቃለች? የሰማችውን አመነች። የወዳጃቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ ሰማችና ኮስተር ብላ ነገ ጠዋት ይምጣ አለች። ከሰዓት በኋላ እንሄዳለን፤ ነገ ካላየሁት ሌላ የዓይን ሐኪም እስኪያገኝ የቀረው ዓይኑም ሊጠፋ ይችላል ብላ ጨመረች። ጋሼ ወዳጄ ዓይን አፋር ነው አሏት። በግድ አምጣው አለቻቸው። ጋሼ አመስግነው ወጡ፤ ሲወጡ ግራ ትከሻቸው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። እሷ ወደ ቧንቧዋ ዞራ ስለነበር አላየችም። እሳቸው ናቸው ብዬ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ በኛ ዘንድ ወዳጄ ያለን ሰው መግለጥ ገበያ መሃል ልብሱን እንደ መግፈፍ ነው።

የሚቀጥለውን ከድር ነው የነገረኝ። ጋሼ በዚያው ሱቁ መጥተው ተቀመጡ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ። ሊነሱ ሲሉ፣ አንድ ወዳጄ ነገ ሐኪም ቤት በሱ ፈንታ የሚቀመጥለት ሰው ቸግሮታል አሉ። ከድርም ማነው አላለም። እሺ፣ እሆንለታለሁ አለ። የጋሼ ሐሳብ ዶክተሯ ስትጠይቅ የራሳቸውን ሕመም የከድር አስመስለው ሊነግሯትና የምትሰጠውን መድኃኒት ሊወስዱ ነበር። ስንት ዓይን ስትመረምር አጠገቧ የቆሙ ሰው፣ ሐኪም ዓይን ሳያይ መድኃኒት እንደማይሰጥ እንዴት ይረሳሉ? ፍርሃት ነው ያስረሳቸው። ዓይናቸው መታመሙ ከተሰማ ከሰሌዳው አንሥተው ቤት ያስቀምጡኛል ብለው ፈርተው ነበር፤ ያለ ሰሌዳ ደግሞ ማን እንደሚሆኑ አያውቁም።

ጠዋት መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ዕቃ ይጫናል። ከድር ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ዶክተሯ መቼ እንደጀመረው ጠየቀች። ጋሼ በአማርኛ መቼ ጀመረህ አሉት። ከድር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? አንተው ንገራት» አለ።

ጋሼ ወደ ዶክተሯ ዞሩ። እኔ እንግሊዝኛዬ የሳቸው ነውና ያሉትን ሁሉ ሰማሁ። ይሄ ሰው መጀመሪያ የበሩ መቃን ሲመታው ቤቱ የጠበበ መስሎት ነበር ይላል አሉ። ቀጥሎ ገበያ ውስጥ ሰዎች ከግራው በኩል ድንገት እየወጡ ሲጋጩት የከተማው ሰው ሥርዓት ያጣ መስሎት ተናደደ። ሰላም ያሉትን ሳያይ አልፎ ኮርቷል ተባለ። ለሚስቱም አልነገራትም። ሥራው የዓይን ሥራ ነው፣ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ይፈራል ይላል አሉ። ከድር አምስት ቃል ተናግሮ ትርጉሙ ያን ያህል ሲረዝም ዶክተሯ አልጠረጠረችም፤ አዝና የከድርን ትከሻ መታ መታ አደረገች። ከድርም ምን እንደተባለ ባያውቅም በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ መመርመር ጀመረች። አፍንጫዬን እያየህ ጣቴን ስታይ አየሁ በል አለችው። ጣቷን ከጆሮው ኋላ ገና ሳታወጣ ከድር አየሁ ይላል። በግራም በቀኝም እንደዚያው። በመሣሪያዋ የዓይኑን ውስጥ አየች፣ ግፊቱን ለካች፣ ደግማ ለካች። በመጨረሻ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ የዚህ ሰው ዓይን ከኔ ዓይን ይሻላል፣ ያ ሁሉ የተነገረኝ ሕመም የማን ነው አለች።

ይህን ለከድር መተርጎም የነበረባቸው ጋሼ ናቸው። እሳቸው ኮታቸውን መቆለፍና መፍታት ያዙ።

ከድር ግን ሊተረጎምለት አልጠበቀም። ብድግ አለ። ኮፍያውን አስተካከለ። ሁለት ባትሪ የያዘ ይመስል ሁለቱንም እጁን ዘረጋ አድርጎ፣ ጋሼ ባስተማሩት አነጋገር ሳያዛንፍ፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዶክተር» አለ። «ሜይ አይ አስክ ዩር አድቫይስ?»

እንግሊዝኛው እዚያ ላይ አለቀ። የቀረውን ስለማያውቅ ጋሼን ሁለት ትከሻቸውን ይዞ እሱ የተነሳበት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

ዶክተሯ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ጣቷን ከጋሼ ግራ ጆሮ አጠገብ አነሳችና ቀስ እያለች ወደ ፊት አመጣችው። ጋሼ ዝም አሉ። ጣቷ ጉንጫቸውን አለፈ፣ አሁንም ዝም አሉ። አፍንጫቸው አጠገብ ሲደርስ ነው አየሁ ያሉት። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ተማሪ እንደሚቀመጥ ቀና ብለው፣ በእንግሊዝኛ፣ «ዶክተር፣ ትናንት የጠየቅሁዎት ምክር ለራሴ ነበር፤ እባክዎን እንደገና ይንገሩኝ» አሏት።

እኔ አለቀስኩ፤ ምን ይደረጋል። ዶክተሯ አላለቀሰችም። ወደ መስኮቱ ሄዳ መኪናው ላይ የተጫነውን ዕቃ አውርዱ ብላ ጮኸች፤ ግፊቱ ቀኝ ዓይናቸውንም ጀምሮት ነበርና በዚያው ቀን እሱን ሠራችላቸው። የግራው ግን ሩቅ ሄዷል አለች።

ጋሼ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ሲተኙ ዶክተሯ አልጋው አጠገብ ቆማ ምክሯን እንደገና ጀመረች። በዚያ ሰዓት የሚተረጉም ጠፋ፤ አስተርጓሚያችን ታማሚ ሆነዋል። ከድር ከአልጋው ወዲያ፣ በግራ በኩል፣ ቆሞ ምን አለች ይለኛል። ስለዚህ እኔ ተረጎምኩለት። ጠብታውን በየማታው የሚያስታውሳቸው ሰው ያስፈልጋል ብላለች አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ጂማ ሄደው እየታዩ ይመለሱ፣ ብቻቸውን ግን አይሂዱ ብላለች፤ እሱንም ተቀበለ። ማስተማሩን አይተዉ ብላለች ስለው ጋሼ ከፋሻው ሥር ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። በመጨረሻ፣ መንገድ ሲሄዱ በግራቸው በኩል የሚሄድ ሰው እንዳይለያቸው ብላለች አልኩት።

ከድር የጋሼን ብርድ ልብስ ሳብ አድርጎ አስተካከለ።

«እሱንማ ድሮም እየሄድኩበት ነው» አለኝ። «ሌላውን ንገሪኝ።»